የኤሌክትሪክ መረብ በአምሳያው ሲፈተን

የኤሌክትሪክ ኃይል መረብ ሰው በእጁ ካቆማቸው እጅግ ሰፊ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ በሙሉ አካሉ ሊፈተን የማይቻል ሥራ ነው። አንድ የመከላከያ መሣሪያ በመብረቅ ጊዜ በትክክል ይሠራ እንደ ሆነ ለማወቅ ብሎ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚገለገልበትን ከፍተኛ መስመር ሆን ብሎ ከመሬት ጋር የሚያገናኝ መሐንዲስ አይገኝም፤ ቢገኝም የሚፈቅድለት የለም። መሣሪያው ግን የተሠራው ለዚያች ክፉ ቅጽበት ብቻ ነው፤ ዓመት ሙሉ በሰላም ተቀምጦ ይቆይና ጠንቁ ሲደርስ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ፈርዶ መስመሩን ሊቆርጥ ወይም ሊተው ይገባዋል። በዚያች ቅጽበት ቢሳሳት ደርሶ የሚያርመው ማንም የለም።

ከዚህ ጭንቅ የተነሣ መሐንዲሶች ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ጀምረው የመረቡን አምሳያ እየሠሩ፣ እውነተኛውን መሣሪያ ከአምሳያው ጋር እያጋጠሙ፣ መከራው በገሃድ ከመምጣቱ በፊት መሣሪያው እንዲቀምሰው ሲጣጣሩ ኖረዋል። አምሳያው በመጀመሪያ ከሽቦና ከብረት የተሠራ ግዙፍ ነበር፤ ኋላ ቁጥር ብቻ የሆነ ረቂቅ ሆነ፤ በመጨረሻም ረቂቁ ስሌት ከግዙፉ መሣሪያ ጋር በእውነተኛው ዓለም ፍጥነት እንዲነጋገር ተደረገ። የዚህ ነገር ታሪክ በየመጽሐፉ ተበታትኖ እንጂ በአንድነት ተያይዞ ሲነገር ብዙ ጊዜ አይሰማምና ከሥሩ ጀምረን በየዘመኑ እንከተለዋለን። ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1929፤ በአንድ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ መረብ

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ፣ እያንዳንዱ ከተማ ለብቻው ያቆማቸው የኃይል ማመንጫዎች በረጃጅም መስመሮች እርስ በርሳቸው ይያያዙ ጀመር። መያያዛቸው ጥቅም እንዳመጣ ሁሉ አዲስ ምሥጢርም አመጣ፤ በአንዱ ዘንድ የደረሰው ጉዳት በሌላው ዘንድ እንዴት እንደሚሰማ፣ በመቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ያለው ጀነሬተር ከባልንጀሮቹ ጋር በአንድ ፍጥነት መዞሩን ይቀጥል ወይስ ያፈነግጥ እንደ ሆነ፣ ይህን ሁሉ በእርሳስና በወረቀት አስልቶ ለመጨረስ የሰው ትዕግሥት አልበቃም።

በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር የነበረው ቫኔቫር ቡሽ፣ በእርሱም ሥር ይሠሩ የነበሩት ሃሮልድ ሄዘንና ሂዩ ስፔንሰር በ1920ዎቹ አጋማሽ ያገኙት ብልሃት፣ ስሌቱን ትቶ ነገሩን ራሱን አሳንሶ መሥራት ነበር። ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ጋር ተባብረው በ1929 ያቆሙት የመረብ መመርመሪያ አንድ አዳራሽ የሚሞላ የቁም ሳጥን ረድፍ ሲሆን፣ እያንዳንዱ የማስተላለፊያ መስመር በጥቂት ሬዚስተሮች፣ ኮይሎችና ካፓሲተሮች ይመሰል ነበር። የኃይል ኩባንያ መሐንዲሶች የየአገራቸውን መረብ ካርታ ይዘው እየመጡ፣ ሽቦ ከሶኬት ወደ ሶኬት እየሰኩ መረባቸውን በትንሹ ይገነባሉ፤ ከዚያም እየተዘዋወሩ ቮልቴጁንና ከረንቱን ከመለኪያው ላይ ያነብባሉ። ይህን የመሰለ መሣሪያ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ለሚሆን ጊዜ የመረብ እቅድ አውጪዎች ዋና መሣሪያ ሆኖ ቆየ።

ነገር ግን ይህ መመርመሪያ የሚያሳየው መረቡ ከተረጋጋ በኋላ ያለውን መልኩን ነው እንጂ መብረቅ በወረደበት ቅጽበት የሚሆነውን አይደለም። መስመሩን የሚቆርጠውና የሚያገናኘው ብሬከር ሲከፈትና ሲዘጋ የሚነሣውን የቮልቴጅ ማዕበል ለማየት ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሌላ ዓይነት የጥቃቅን መረብ አምሳያ ተሠራ፤ እርሱም በመስኩ ረጅም ዘመን አገልግሏል።

1950ዎቹ፤ ትንንሾቹ ጀነሬተሮች

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሞስኮ የኃይል ኢንስቲትዩት በቬኒኮቭ መሪነት፣ በፈረንሳይም በአገሪቱ የመብራት ድርጅት ዘንድ፣ አምሳያው ሕይወት የሚዘራበት አዲስ መንገድ ተያዘ። እነዚህ ሰዎች ጀነሬተሩን በቁም ሳጥን ውስጥ ባለ መሣሪያ መመሰላቸውን ትተው፣ በእርግጥ የሚዞር፣ ኃይሉ ጥቂት ኪሎ ዋት የሆነ ትንሽ ጀነሬተር ሠሩ። ሥራው ከሚመስለው በላይ ከባድ ነበር፤ ማናቸውም ትንሽ ጀነሬተር እንደ መጠኑ ሲታይ የሽቦው ተቃውሞ ከታላቁ ይልቅ ይበዛበታልና በውስጡ ያለው መግነጢሳዊ መስክ ያለ ልክ ፈጥኖ ይሞታል። ስለዚህ የትንሹ ጀነሬተር ብረቱም፣ መዳቡም፣ በዘንጉ ላይ የሚታሰረው ከባድ ጎማም፣ የመቶ ሜጋ ዋቱ ጀነሬተር በሚወዛወዝበት የጊዜ ልክ እንዲወዛወዝ ተብሎ ልዩ ሆኖ ተሠራ።

ከዚህ የተገኘው ፍሬ፣ በእኔ ግምት፣ የጠቅላላው ታሪክ ሥር ነው። ትንሹ ጀነሬተር በእውነተኛው ጊዜ ስለሚዞር፣ ለታላቁ ማመንጫ የተሠራው እውነተኛ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያና እውነተኛ ሪሌይ፣ ይኸውም ጥፋት ሲያይ መስመሩ እንዲቆረጥ የሚያዝዘው የመከላከያ መሣሪያ፣ ያለ አንዳች ለውጥ በሽቦ ሊያያዝበት ቻለ። መሣሪያው የሚያየው አምሳያውን ነበር፤ የሚሰጠው ፍርድ ግን በአማናዊው መረብ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ነበር፤ ፍርዱም ወደ አምሳያው ተመልሶ ጀነሬተሩን ያረጋጋው ወይም ያናውጠው ነበር። የዚህ አምሳያ ጉድለቱ በሚሸከመው መጠን ላይ ነው። አዲስ መረብ ለመመርመር ብረቱንና ሽቦውን እንደገና ማሰናዳት ያስፈልጋል፤ በአንድ አዳራሽም ውስጥ የሚቆሙት ጀነሬተሮች ጥቂቶች ናቸው።

ኅዳር 1965፤ ያልተበላሸው ሪሌይ

በኅዳር 9 ቀን 1965፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ላይ፣ በካናዳ በናያጋራ ወንዝ ዳር ከሚገኘው የሰር አዳም ቤክ ማመንጫ ወደ ቶሮንቶ አቅጣጫ ከሚሄዱት አምስት ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመሮች አንዱን የሚጠብቅ ሪሌይ መስመሩን ቆረጠ። በመስመሩ ላይ መብረቅም ሆነ የወደቀ ዛፍ አልነበረም። ሪሌዩ ከዓመታት በፊት ሲስተካከል የተወሰነለት የጭነት ልክ በጊዜው ሩቅ መስሎ ይታይ ነበር፤ የሕዝቡ ፍጆታ ግን በየዓመቱ እያደገ ወደዚያ ልክ ቀርቦ ነበርና፣ በዚያች ምሽት ፍሰቱ ልኩን በጥቂቱ ሲያልፍ ሪሌዩ የታዘዘውን ፈጸመ። ጭነቱ በቀሩት አራት መስመሮች ላይ ወደቀ፤ እነርሱም ከሦስት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ተከታትለው ተቆረጡ። ወደ ሰሜን ሲሄድ የነበረው ኃይል መንገድ አጥቶ ወደ ደቡብ ዞረ፤ የኒውዮርክም መስመሮች ይህን ሊሸከሙ ስላልቻሉ መረቡ ተበጣጠሰ። 30 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ መብራት ጠፋበት፤ በአንዳንድ ስፍራም እስኪመለስ ድረስ 13 ሰዓት ወሰደ።

መርማሪዎቹ ሪሌዩን ሲያዩት ያልተበላሸ ሆኖ አገኙት። ይህን ነገር ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ሪሌዩ በጠረጴዛ ላይ ለብቻው ቢፈተን በክብር ያልፍ ነበር፤ ያልተፈተነው እርሱና መረቡ አብረው ሲሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ በሰሜን አሜሪካ በ1968 የመረብ አስተማማኝነትን የሚከታተል የጋራ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ መሣሪያን ከነአካባቢው የመፈተን ጉዳይም የሊቃውንት ብቻ ሳይሆን የመንግሥታት ጭንቀት ሆነ።

1969፤ ረቂቁ አምሳያ

ከሙኒክ ወደ አሜሪካ ኦሪገን መጥቶ በቦንቪል የኃይል አስተዳደር የሠራው ኸርማን ዶመል በ1969 ያሳተመው ጽሑፍ ብረቱንና ሽቦውን ሁሉ ወደ ቁጥር የሚመልስ ነበር። የዶመል ዘዴ ጊዜን ወደ ጥቃቅን እርምጃዎች ይከፋፍላል፤ በየእርምጃውም እያንዳንዱን ኮይልና ካፓሲተር በአንድ ቀላል ሬዚስተርና ያለፈውን እርምጃ ትዝታ በሚሸከም አንድ የከረንት ምንጭ ይተካዋል። በዚህ መንገድ እጅግ የተወሳሰበው መረብ በየእርምጃው ኮምፒውተር ሊፈታው ወደሚችል ተራ የእኩልታ ድርድር ይለወጣል።

ከዘዴው ውስጥ አንዱ ነገር ኋላ የዚህ ታሪክ ቁልፍ ሆኗልና ጠለቅ ብለን እንየው። የኤሌክትሪክ ማዕበል በአየር ላይ መስመር ሲጓዝ ፍጥነቱ ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጋ፣ ይኸውም በአንድ ሺኛ ሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ በመስመሩ አንድ ጫፍ የሆነውን ነገር ሌላው ጫፍ ወዲያውኑ አያውቀውም። ይህ የተፈጥሮ መዘግየት ለስሌቱ ሸክም ሳይሆን ጸጋ ሆነ፤ ሁለቱ የመስመር ጫፎች፣ ወሬው ከአንዱ ወደ ሌላው እስኪደርስ ድረስ፣ ሁለት የተለያዩ መረቦች ናቸውና በሁለት የተለያዩ ኮምፒውተሮች ለየብቻ ሊሰሉ ይችላሉ ማለት ነው። በ1969 ግን ይህን ዕድል የሚጠቀምበት ማሽን አልነበረም። በመረቡ ላይ በአንድ ሰከንድ የሚሆነውን ነገር ለማስላት ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ ይፈጅ ነበር፤ ሪሌይ ደግሞ አይጠብቅም።

ከ1972 እስከ 1989፤ የማኒቶባ መሐንዲሶች

ስሌቱን ከእውነተኛው ጊዜ ጋር እኩል የማስኬድ ጥያቄ ወደ ፍጻሜው የቀረበው በካናዳ የማኒቶባ ጠቅላይ ግዛት ነው፤ ምክንያቱም መልክዐ ምድር ነበር። የኔልሰን ወንዝ ፏፏቴዎች በሰሜን በቀዝቃዛው ምድር፣ ኃይሉን የሚፈልገው የዊኒፔግ ከተማ ደግሞ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ርቆ ይገኛል። ለእንዲህ ያለ ርቀት ቀጥተኛው ከረንት፣ በተለምዶ ዲሲ የሚባለው፣ ከተለዋዋጩ ይልቅ ይስማማልና በ1972 የኔልሰን ወንዝ ዲሲ መስመር ኃይል ማስተላለፍ ጀመረ። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በኬንያ እስከ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው፣ 2,000 ሜጋ ዋት ሊያስተላልፍ የሚችለው የእኛው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመርም የዚሁ ወገን ነው።

የዲሲ መስመር ሕይወቱ በመቆጣጠሪያው እጅ ነው። በሁለቱ ጫፎች ያሉት፣ አንዱን ዓይነት ከረንት ወደ ሌላው የሚለውጡት ቫልቮች በእያንዳንዱ የከረንት ዙር ውስጥ ልክ በሚገባቸው ቅጽበት መተኮስ አለባቸው፤ ጥቂት ቢዘገዩ ከረንቱ ከአንዱ ቫልቭ ወደ ሌላው መሻገር ያቅተውና ኃይሉ ይቋረጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን መቆጣጠሪያ ከነሙሉ ሳጥኑ ከአምሳያ ጋር ሳያጋጥሙ ወደ ጣቢያው መላክ ታላቅ ድፍረት ነበር፤ ያ አምሳያ ደግሞ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በእውነተኛ ትንንሽ ቫልቮችና ኮይሎች የተሞላ፣ ዋጋው የከበደ፣ አንዱን መረብ ፈትቶ ሌላውን ለማሰናዳት ብዙ ድካም የሚጠይቅ አዳራሽ ነበር።

በ1976 የማኒቶባ ሃይድሮ መሐንዲስ ዴኒስ ዉድፎርድ የዶመልን ዘዴ ተከትሎ የዲሲን መስመር የሚያሰላ ፕሮግራም ጻፈ፤ በ1981 ደግሞ በዊኒፔግ የዲሲ ምርምር ማዕከል ተቋቋመ። በ1980ዎቹ ለድምፅና ለስልክ ሥራ ታስበው የተሠሩ ፈጣን የስሌት ቺፖች ገበያ ላይ ሲውሉ፣ የማዕከሉ ሰዎች እነዚህን ብዙ ቺፖች ጎን ለጎን ደርድረው መረቡን አከፋፈሏቸው፤ አንዱ ቺፕ አንዱን ጣቢያ፣ ሌላው ሌላውን እንዲያሰላ አደረጉ። ከላይ የተናገርነው የማዕበል መዘግየት እዚህ ላይ ሥራውን ሠራ። እርምጃው 50 ማይክሮ ሰከንድ ከሆነ ማዕበሉ በአንድ እርምጃ 15 ኪሎ ሜትር ይጓዛልና፣ ከዚህ የሚረዝም መስመር በመካከላቸው ያለ ሁለት ጣቢያዎች በሁለት ቺፖች ሲሰሉ ወሬ ለመለዋወጥ የሚበቃ ጊዜ ያገኛሉ። በ1989 ማዕከሉ የዲሲ መስመርን ሙሉ በሙሉ በቁጥር፣ በእውነተኛው ጊዜ አስልቶ አሳየ። ይህ ማለት በመረቡ ላይ በ50 ማይክሮ ሰከንድ የሚሆነው ነገር ሁሉ 50 ማይክሮ ሰከንድ ሳይሞላ ተሰልቶ ያልቃል ማለት ነው። በማኅሌት ላይ ከበሮ መቺው አንድ ምት ቢያዘገይ ቀጥሎ በመፍጠን ሊያካክሰው እንደማይችል፣ ይህም ስሌት አንዲት እርምጃ ካለፈችው ፈተናው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

መጋቢት 1989፤ ዘጠና ሰከንድ በኩቤክ

በዚያው ዓመት፣ በመጋቢት 13 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ላይ፣ ከፀሐይ የተነሣ የመግነጢስ ማዕበል ምድርን ሲመታ የኩቤክ መረብ ወደቀ። ማዕበሉ በምድር ውስጥ ያስነሣው ዝግተኛ ከረንት ወደ ትራንስፎርመሮች ገብቶ የብረት ልባቸውን አጠገበ፤ የጠገበውም ብረት የሞገዱን መልክ አበላሸ። በጄምስ ቤይ መስመሮች ላይ ቮልቴጁን ደግፈው የያዙት ማካካሻዎች የተበላሸው ሞገድ ለራሳቸው አደጋ መስሎ ስለታያቸው፣ ሰባቱም በአንድ ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ በየመከላከያቸው ትእዛዝ ከሥራ ወጡ። መረቡ ከዚያ በኋላ አልቆየም፤ ሁሉም በዘጠና ሰከንድ ያህል አለቀ፤ ስድስት ሚሊዮን ሕዝብ ለዘጠኝ ሰዓት ያለ መብራት ቀረ። እንደ ናያጋራው ሪሌይ እነዚህም መሣሪያዎች የታዘዙትን ነው የፈጸሙት። ማንም አስቀድሞ ያንን የተበላሸ ሞገድ አላሳያቸውም ነበር።

በሞንትሪያል አጠገብ በቫሬን የሚገኘው የሃይድሮ ኩቤክ የምርምር ተቋም ለረጃጅሞቹ 735 ኪሎ ቮልት መስመሮች ሲል ታላቅ ግዙፍ አምሳያ ከጥንት አቁሞ ነበርና፣ በ1990ዎቹ ያን አምሳያ ወደ ቁጥር የሚመልሰውን ሃይፐርሲም የተባለ ሥርዓት አበጀ። በ1994 የዊኒፔጉ ሥራ ራሱን ችሎ አርቲዲኤስ ቴክኖሎጂስ የሚባል ኩባንያ ሆነ፤ በ1997 ደግሞ ዣን ቤላንዤና ሊዝ ላፎርስ በሞንትሪያል ኦፓል አርቲን መሠረቱ። በዓለም ላይ የዚህ ጥበብ ዋና ዋና ቤቶች በአንድ አገር፣ በሁለት ቀዝቃዛ ጠቅላይ ግዛቶች መወለዳቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሁለቱም ማመንጫቸው በሰሜን፣ ሕዝባቸው በደቡብ ነው።

በዚህ ዘመን አንድ ሪሌይ እንዴት ይፈተን እንደ ነበር፣ ዛሬም በብዙ ስፍራ እንዴት እንደሚፈተን፣ ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ያሰኛል። መረቡ በ50 ኸርዝ የሚሠራ ከሆነ አንዱ ዙር 20 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ አምሳያውን የሚያሰላው ማሽን፣ ሲሙሌተሩም፣ በዚያ አንድ ዙር ውስጥ መረቡን 400 ጊዜ ያሰላል። የስሌቱ ውጤት ከአሥር ቮልት የማይበልጥ ደካማ ምልክት ሆኖ ይወጣና አምፕሊፋየር በጣቢያው ውስጥ ሪሌዩ ወደለመደው ቮልቴጅና ከረንት ያደርሰዋል። ፈታኙ በስሌቱ ውስጥ ባለው መስመር ላይ፣ ለምሳሌ ከጣቢያው 80 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ጥፋት ያስነሣል፤ ሪሌዩም በተርሚናሉ ላይ ቮልቴጁ ሲወድቅ፣ ከረንቱ ሲያብጥ ያያል። ከአንድ ወይም ከሁለት ዙር በኋላ የሪሌዩ ኮንታክት ቀጭ ብሎ ይዘጋል፤ ሲሙሌተሩ ያንን መዘጋት አንብቦ በስሌቱ ውስጥ ያለውን ብሬከር ይከፍታል፤ ብሬከሩ በመከፈቱም የመረቡ ሁኔታ ይለወጣል፤ ሪሌዩም የፍርዱን ፍሬ መልሶ ያያል። ይህ በአንድ ሌሊት፣ ሰው አጠገቡ ሳይኖር፣ በሺህ በሚቆጠሩ የጥፋት ዓይነቶች ሊደጋገም ይችላል።

2000ዎቹ፤ ኃይል ራሱ ሲገባ

እስከዚህ ድረስ በሲሙሌተሩና በመሣሪያው መካከል የሚመላለሰው ወሬ ነበር እንጂ ኃይል አልነበረም። ሞተሩን፣ ባትሪውን፣ የፀሐይን ዲሲ ኃይል ወደ ተለዋዋጭ የሚመልሰውን ኢንቨርተር ራሱን ከነሙሉ ጉልበቱ ከረቂቁ መረብ ጋር ማያያዝ የሚቀጥለው ምኞት ሆነ። በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በታላሃሲ የተመሠረተው የላቀ የኃይል ሥርዓቶች ማዕከል በዚህ ረገድ ግንባር ቀደም ነበር፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለመርከብ መንጃ ያሠራውን ባለ 5 ሜጋ ዋት የሱፐርኮንዳክተር ሞተር በዚህ ቦታ በሙሉ ጭነት ፈትኖታል።

ነገር ግን ኃይል ሲገባ አዲስ ጠንቅ አብሮ ገባ። በእውነተኛው ዓለም ምንጩና ጭነቱ በአንድ ሽቦ ተያይዘዋልና በመካከላቸው የጊዜ ልዩነት የለም፤ በዚህ ፈተና ግን ቮልቴጁ ከስሌቱ ወደ አምፕሊፋየሩ፣ ከረንቱም ከመለኪያው ወደ ስሌቱ ሲመላለስ ጥቂት እርምጃ ይዘገያል። በስሌቱ ውስጥ ያለው የመረቡ ተቃውሞ በውጭ ካለው መሣሪያ ተቃውሞ የሚበልጥ ከሆነ፣ ትንሿ ስሕተት በዞረች ቁጥር እያደገች ትመለሳለች፤ አምፕሊፋየሩ ራሱን እስኪያጠፋ ወይም መሣሪያው እስኪጎዳ ድረስ ይህ አያቆምም። አማናዊው መረብ የተረጋጋ ሆኖ ሳለ ፈተናው ብቻ ይናወጣል። በዚሁ ማዕከል ይሠሩ የነበሩ ሬን፣ ስቱረርና ቦልድዊን በ2008 ባሳተሙት ጥናት የተለያዩትን የማገናኛ ዘዴዎች እያነጻጸሩ፣ መረጋጋትንና ትክክለኛነትን ያስተባብር ዘንድ የትኛው ለየትኛው ሁኔታ እንደሚስማማ አሳዩ። ለእኔ ይህ ጽሑፍ ከብዙ አዳዲስ ማሽኖች ይበልጣል፤ ፈታኙ የመሣሪያውን ጠባይ ከመመርመሩ አስቀድሞ የራሱን ሚዛን እንዲመረምር አስገድዶታልና።

2016፤ በሶፍትዌር ውስጥ የተሸሸገው ልክ

በነሐሴ 16 ቀን 2016 በካሊፎርኒያ የተነሣ የደን ቃጠሎ ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመሮችን ሲያናውጥ 1,200 ሜጋ ዋት የሚጠጋ የፀሐይ ኃይል ከመረቡ ወጣ። ከጠፋው ውስጥ የሚበዛው የጠፋው፣ ኢንቨርተሮቹ በጥፋቱ ቅጽበት የተዛባውን ሞገድ አይተው ፍሪኩዌንሲው እጅግ የወረደ ስለመሰላቸው ነው፤ የመረቡ ፍሪኩዌንሲ ግን ያን ያህል አልወረደም ነበር። ወር ተኩል ሳይሞላ፣ በመስከረም 28፣ በደቡብ አውስትራሊያ ዐውሎ ነፋስ የማስተላለፊያ ምሰሶዎችን ጥሎ ቮልቴጁ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ወደቀ። አንዳንድ የነፋስ ተርባይኖች ይህን የመሰለ ውድቀት የሚታገሡት ቁጥሩ ከተወሰነ ልክ እስካላለፈ ድረስ ብቻ እንዲሆን በሶፍትዌራቸው ተወስኖ ነበርና፣ ያ ቁጥር ሲያልፍ ዘጠኝ የነፋስ ማመንጫዎች ከሰባት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ 456 ሜጋ ዋት ቀነሱ። ከቪክቶሪያ የሚመጣው መስመርም በጭነት ተቆረጠ፤ ግዛቱ ሁሉ ጨለመ። የመረቡ አስተዳዳሪ ያ ልክ መኖሩን አያውቅም ነበር፤ ለስሌት በተሰጠው ሞዴል ውስጥ አልተጻፈምና።

በናያጋራ የሪሌዩ ልክ ቢያንስ በመዝገብ ላይ ሰፍሮ ይነበብ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ግን ልኩ በአምራቹ ምሥጢር ታትሞ በሺህ በሚቆጠሩ ትንንሽ ሳጥኖች ውስጥ ተቀመጠ። የወረቀት ሞዴል ይህን ሊገልጠው አይችልም፤ ሊገልጠው የሚችለው እውነተኛውን ሳጥን ከነሶፍትዌሩ ከአምሳያው ጋር ማጋጠም ብቻ ነው።

ከ2017 ወዲህ፤ የመቆጣጠሪያው ቅጂ

በ2017 በስኮትላንድ በከምበርኖልድ የተከፈተው ብሔራዊ የዲሲ ማዕከል የያዘው መንገድ ይህ ነው። በጣቢያው ውስጥ የሚሠራው የዲሲ መቆጣጠሪያ ትክክለኛ ቅጂ፣ ሳጥኑም ሶፍትዌሩም አንድ የሆነ፣ በማዕከሉ ተቀምጦ ከሲሙሌተር ጋር ይያያዛል፤ በጣቢያው አዲስ ሶፍትዌር ከመጫኑ በፊት በቅጂው ላይ ይፈተናል። ፈተናው መስመሩ ከመመረቁ በፊት ብቻ የሚደረግ መሆኑ ቀርቶ መስመሩ በሚኖርበት ዘመን ሁሉ የሚቀጥል ሆነ። ወጪው ቀላል አይደለም፤ ቅጂው በየጊዜው ካልታደሰ ከዋናው ይለያያልና፣ ከዋናው የተለየ ቅጂ ጭራሹን ከሌለ ቅጂ ይልቅ አሳሳች ነው።

ዛሬ የቀረው ከባዱ ጥያቄ የብዙ አምራቾች ጉዳይ ነው። በሰሜን ባሕር ላይ የሚተከሉት የነፋስ ማመንጫዎች በአንድ የዲሲ መረብ እንዲያያዙ ታስቧል፤ ጣቢያዎቹን ግን የሚሠሩት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ናቸው፤ አንዱም የውስጥ ጽሑፉን ለሌላው አያሳይም። በ2023 በአውሮፓ የተጀመረው ኢንተርኦፔራ የተባለው ሥራ የተፎካካሪዎቹ መቆጣጠሪያዎች አንዱ የሌላውን ምሥጢር ሳያነብ በአንድ ሲሙሌተር ዙሪያ ተገናኝተው አብረው መኖር ይችሉ እንደ ሆነ የሚመረመርበትን ደንብ በማበጀት ላይ ይገኛል።